በዶሪን ልክ የተሠራ ሞተር

ግሌንዳ አክሮይድ አገሯ በገባች በወሩ ከጎረቤት ጋር የተጣላችው በቆሻሻ ነው። ሳምንቱ የአረንጓዴው በርሜል ሆኖ ሳለ ቡናማውን ደጅ አወጣች፤ ወንጀሏ ይኸው ነው። ጎረቤቷ አቶ ፒከርስጊል፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው፣ ዝናቡ እላያቸው ላይ እየወረደ አጥር ዳር ቆመው ጠበቋት።

"ወይዘሮ አክሮይድ፣ ይኼ የቡናማው ሳምንት አይደለም።"

"ቆሻሻ ሳምንት ያውቃል እንዴ?"

"እርስዎ ነዎት ማወቅ ያለብዎት።"

"ስፔን አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር መንገድ ዳር ካለው ገንዳ ወርውሬ ነበር የምሄደው። እዚህ ለድንች ልጣጭም የቀን መቁጠሪያ ወጣለት?"

"እዚያ ፀሐይ ነበረዎት፤ እዚህ ሥርዓት አለን" አሉና በርሜሉን ራሳቸው እየጎተቱ ወደ ግቢዋ መለሱላት።

ግሌንዳ በሯን ዘግታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለማንም አትናገርም እንጂ እንዲህ ያለው ንዝንዝ ናፍቋት ነበር።

ግሌንዳ ሞተር ሳይክል ትሠራለች። ትጠግናለች አላልኩም፤ ትሠራለች። ከፋብሪካ የወጣውን ትፈታለች፣ ትቆርጣለች፣ ትበይዳለች፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሌላ ሞተር አድርጋ ታወጣዋለች። "ፋብሪካ የሰጠውን እንዳለ የሚነዳ ሰው በኪራይ ሱፍ የሚዳር ሙሽራ ነው" ትላለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ክንዷን ያየ አይጨቃጨቃትም። ሥራውን የተማረችው እዚሁ ኪዝሊ ነው፣ በዮርክሻየር፤ ከዚያ ስፔን ወርዳ አልሜሪያ አጠገብ ጋራዥ ከፈተች። ደንበኞቿ ፀሐይ ፍለጋ የወረዱ ጡረተኞች ነበሩ፤ ጀርመኑም ደቹም እንግሊዙም። ሽማግሎቹ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሞተራቸውን እየሸጡ ቤት ዋሉ፤ ሥራውም ቀዘቀዘ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስመለሳት እሱ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። "ዛሬም?" አለች። በዚያው ሳምንት የራሷን ሞተር ሸጣ፣ መሣሪያዋን ቫን ላይ ጭና መንገድ ጀመረች።

ኪዝሊ ውስጥ ድሮ ሱፍ ይፈተልበት ከነበረ ፋብሪካ ምድር ቤቱን ተከራየች። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው ደህና ነው። ስፔን የሠራቻቸውን ሞተሮች ፎቶ ሰቀለች፣ በሩን ከፈተች፣ ጠበቀች። ሰው አልመጣም። የመጣው ሰላይ ነው።

ኔቪል ሆልድስዎርዝ የ"ፋብሪካ ልጆች" አለቃ ነው። የፋብሪካ ልጆች ማለት የሸለቆው የሞተር ነጂዎች ማኅበር ነው፤ ልጆች ይባሉ እንጂ ትንሹ ሃምሳን አልፏል። ኔቪል በሙያው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በክብሩ ግን አለቃ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

"ያምራሉ" አለ። "ዝናብ ያውቃሉ?"

"ዝናብ ምን ያደርጋቸዋል?"

"አይ፣ እዚህ ሞተር በተጎታች ጭኖ ትርዒት ቦታ ማውረድ የለም ለማለት ነው። እኛ ዘንድ ነድቶ ያልመጣ፣ አልመጣም።"

"ነድቼ ነው ያደግሁት፣ አንተ ሰውዬ! ይኼን ሕግ እኔ ሳከብር አንተ ገና ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ ነበርክ።"

ኔቪል ፈገግ አለ፣ ወጣ። የሱን ፊት ሳያዩ የሚመጡ ደንበኞች እንደማይኖሩ ግሌንዳ ገባት። አልፈራችም። "ጊዜ ይፈታዋል" አለችና ሻይዋን አፈላች።

ጊዜው ቶሎ መጣ። ዶሪን ሆልድስዎርዝ በተዋሰችው ቫን ሣጥን በሣጥን ጭና ከደጇ ቆመች። ዶሪን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ። የኔቪል ወንድም ሮድኒ ባሏ ነበር። ሮድኒን አገር የሚያውቀው ሚጢጢ በሚለው ስሙ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በር ሲያልፍ አንገቱን የሚሰብር ሰው፣ ሚጢጢ! እዚህ የሞተር ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው፤ ራሰ በራውን ጎፈሬ ይለዋል። ሚጢጢ ከሁለት ክረምት በፊት፣ ለራሱ የጀመረውን ሞተር ሳይጨርስ፣ ልቡ ቀጥ አለችበት።

"ጨርሺልኝ" አለች ዶሪን፣ ያላለቀውን ሞተር የያዙትን ሣጥኖች እያሳየቻት።

"ለማን?"

"እንዴት ለማን? ለኔ ነዋ።"

ግሌንዳ ቀና ብላ አየቻት። "መንዳት ታውቂያለሽ?"

"ፈቃድ ያወጣሁት መስከረም ላይ ነው። ለሰው አልተናገርኩም። ለኔቪል ደግሞ ከናካቴው።"

ግሌንዳ ሥራ ስትጀምር ወረቀት አታወጣም። ራቁቱን ቴላዮ፣ ማለትም ጎማም ኤንጂንም የሌለውን የሞተሩን አጽም፣ ሁለት ጉማጅ ላይ ታስቀምጠውና ባለቤቱን "ቁጭ በል" ትለዋለች። ዐይኑን ያስጨፍነዋል፤ እጁን ወደሚመቸው ያዘረጋዋል። እጁ ያረፈበት ቦታ መሪው ነው፤ እግሩ ያረፈበት መርገጫው ነው። የሰው ገላ ሳይነግራት ብየዳ አትለኩስም። ዶሪንንም እንዲሁ አስቀመጠቻት። እግሯ መሬት አልደረሰም፤ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሕፃን ተንጠለጠለ።

"ይኼ እኮ የባልሽ ኮት ነው" አለች ግሌንዳ።

"ኮቱንም ለብሼዋለሁ፤ የቀብሩ ዕለት። እጅጌው ጉልበቴ ላይ ደረሰ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ዶሪን መሳቋን ትታ አለቀሰች። ግሌንዳ ከጎኗ ጉማጅ ላይ ተቀመጠች።

"የቱን ልቁረጥ፣ የቱን ልተው?" አለቻት በኋላ።

"ኤንጂኑን አትንኪብኝ። እሱን ሦስት ዓመት ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው የገጣጠመው፤ ቁርስ ከጎኑ ነበር የምንበላው። ሌላው በሙሉ በኔ ልክ ይሁን።"

"እርግጠኛ ነሽ? አንዴ ከቆረጥኩ አይመለስም።"

"እቴ፣ ለግድግዳ ጌጥ ብፈልገው ኖሮ አንቺ ጋ ምን አመጣኝ?"

ኔቪል ወሬው ደርሶት ሲመጣ ቴላዮው ተቆርጦ አልቋል። የተቆረጠው ብረት ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አጎንብሶ አነሣው፤ በአውራ ጣቱ የብየዳውን መስመር ዳበሰ።

"ይኼን ማን እንደበየደው ታውቂያለሽ?"

"ወንድምህ። ግሩም ብየዳ ነው፤ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።"

"ወንድሜን ቆረጥሽው።" ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ከሱ የቀረኝ ይኼ ነበር። ክለባችን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው፣ እንዳለ፣ እንደተወው... አንቺ ከየት መጥተሽ ነው በመጋዝ የምትገቢበት?"

ግሌንዳ እዚህ ላይ ዝም ብትል በተሻላት ነበር። ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው፤ ያስታውቃል። ግን ግሌንዳ አፏ የሚቀድማት ሴት ናት፤ ይኼ አመሏ ስፔን ሄዶ አልተሻለውም።

"ወንድምህ መቃብር ነው ያለው፣ ኔቪል። ይኼ ብረት ነው። እኔ የምሠራው በሕይወት ላለ ሰው ነው።"

"ለዶሪን? ዶሪን እኮ ዕድሜ ልኳን ከኋላ ተቀምጣ የምትሄድ ሴት ናት! ይኼንን ነድታ ከመንደር አትወጣም።"

"ሆውስ ድረስ ትነዳዋለች።"

"ምን?"

"የፀደይ መክፈቻ ጉዟችሁ ሆውስ ከተማ ድረስ አይደለም? ከእናንተ ጋር ተሰልፋ ትሄዳለች፣ ተሰልፋ ትመለሳለች።"

ኔቪል ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ደርሳ ከተመለሰች አፌን እዘጋለሁ። ካልተመለሰች ግን ሞተሩ ለኔ ነው፤ ግድግዳው ላይ ይወጣል። አንቺም ሱቅሽን ዝጊ። ከዚህ ሸለቆ ማንም ሰው የተነፈሰ ጎማ እንኳ ይዞልሽ አይመጣም፤ እኔ አለሁ።"

"ተስማምቻለሁ" አለች፤ እጁን ጨበጠችው።

ከወጣ በኋላ ነው ክው ያለችው። በሰው ሞተር ተወራርዳለች! ባለቤቲቱ ሳትጠየቅ! ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አሁን ምን ታድርግ? ቫኗን አስነሥታ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች፤ ዶሪንን ከምሳ ድስቶች መሐል አስጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። ዶሪን በሽርጧ እጇን እየጠረገች ሰማቻት።

"ማን ነው በኔ ሞተር ተወራረጂ ያለሽ?"

"ማንም። አፌ ቀደመኝ። አሁኑኑ ሄጄ አፈርሰዋለሁ፤ ሱቁንም ልዝጋ፣ ያንቺ ሞተር ግን አይነካም።"

ዶሪን ጭልፋ አነሣች። ተቆጥታለች፤ የአፍንጫዋ ዳር ቀልቷል።

"አታፍርሺው" አለች። "ኔቪል ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ተሰባሪ ዕቃ ነው የያዘኝ። ይኼን ውርርድ አንቺ ሳትቀድሚኝ ራሴ ባደረግሁት ደስ ይለኝ ነበር። ሁለተኛ ግን ሳትጠይቂኝ በኔ ስም ብትናገሪ በዚህ ጭልፋ ነው የምልሽ።"

"እሺ።"

"እሺታሽን ተይውና ፍሬኑን አጥብቀሽ ሥሪልኝ።"

ግሌንዳ ሠራች። ውጭ ዝናቡ ሲጥል፣ ውስጥ ብየዳው ሲብለጨለጭ ዋለ። ኮርቻውን ዝቅ አደረገችው፤ ዶሪን ስትቀመጥ ሁለት እግሯ እስከ ተረከዙ መሬት ረገጠ። መሪውን ወደ ደረቷ አቀረበችው፤ ፍሪሲዮኑን ትንሽ እጅ እንዲጨብጠው አላላችው። ከቴላዮው ላይ የማያስፈልገውን ብረት ሁሉ አወጣች፤ ሞተሩ የግማሽ ያህል ቀለለ ብትል አጋነነች፣ ግን ቀለለ። ቀለሙን ዶሪን መረጠች፤ የበሰለ ፕሪም። ከሁሉ በላይ ግሌንዳ የኮራችው በግራና ቀኙ ነገር ነው። ስፔን በቀኝ ይነዳል፣ እንግሊዝ በግራ፤ ከስፔን ይዛው የመጣችው መብራት ወደ ትክክለኛው ዳር እንዲያይ፣ መስተዋቱ በትክክለኛው ጎን እንዲሰፋ፣ አንድ በአንድ አስባ አዛወረች። "አሥራ ሰባት ዓመት በተቃራኒ ነድቼ አንዲት ነገር አልረሳሁም" እያለች ለአቶ ፒከርስጊል ሳይቀር አወራች። እሳቸውም "ቡናማው በርሜል ነገ ነው" አሏት።

የመክፈቻው እሑድ ሰማዩ ደመናማ፣ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ነጋ። ዶሪን በፕሪም ሞተሯ ብቅ ስትል የፋብሪካ ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን ያያል። ኔቪል አንዴ አየው፤ ፊቱን አዞረ። እንደ ማኅበሩ ደንብ አለቃው ከፊት፣ አዲስ ነጂ ከአለቃው ቀጥሎ፣ ሌላው በየተራው ነው። ዶሪን ሁለተኛ ሆና ገባች። ግሌንዳ ሞተር ስለሌላት በቫን ከኋላ ተከተለች፤ መሪውን ይዛ የምታንቀው እስኪመስል ድረስ።

ስኪፕተንን ሲያልፉ ዶሪን ኩርባው ላይ ደንገጥ ብላ ነበር፤ ግሌንዳ ከኋላ "አይዞሽ፣ ተዪው፣ ራሱ ይሄዳል!" ብላ ብቻዋን ቫን ውስጥ ጮኸች። ከኢንግልተን በኋላ ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዛቸው። ሪብልሄድ ድልድይ ጋ ነፋሱ ከጎን መታቸው፤ በጎች መንገዱ ዳር ተኝተው አይተዋቸው እንዳላዩ ሆኑ። ዶሪን ግን ሄደች። ትከሻዋ ላልቶ፣ አንገቷ ቀና ብሎ፣ ሞተሩ ላይ እንደ ተወለደችበት ተቀምጣ ሄደች። ግሌንዳ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ "የኔ ሥራ ነው!" አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ግን አልነበረም።

ሆውስ እሑድ እሑድ ሞተረኛ እንደ ገበያ የሚሰበሰብባት ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ግራ ዳሩን ይዘው በሰያፍ ተሰድረው ይቆማሉ። ኔቪል አረንጓዴ ሞተሩን አቆመ፤ ሃያ ዓመት ሲያብሰው የኖረው፣ ጭረት የማያውቅ ሞተር። ዶሪን ከጎኑ ገባች፣ አቆመች፣ ወረደች። ፊቷ በርቷል። ሁሉም ሻይና የአሳማ ሥጋ ጥብስ በዳቦ ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጉ።

"ነዳች" አለ ኔቪል፣ ወደ ግሌንዳ ሳያይ።

"መመለሻው ሲያልቅ ነው የምትዘጋው አፍህን፤ አሁን ብላ" አለችው። ደስታዋ መደበቂያ አልነበረውም።

ያኔ አንድ የከብት መኪና እየተጋፋ በመንገዱ አለፈ። ነፋሱ ሰልፉን ገፋ አደረገ፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ሲቀር የዶሪን ሞተር ብቻ በቀስታ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው፣ ወደ ግራ ዘመመና በኔቪል አረንጓዴ ሞተር ላይ ወደቀ፤ አረንጓዴውንም ይዞት ተጋደመ። 

ግሌንዳ ሻይዋን ጥላ ሮጠች፤ ሳትደርስ ገብቷታል። አስፋልት መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝናቡ እንዲወርድ። ሞተር ደግሞ ሲቆም በግራ ጎኑ ባለችው የብረት መቆሚያ እግር ላይ ጋደም ይላል። ስፔን ሰው የሚያቆመው በቀኝ ዳር ነውና መቆሚያዋ የምታርፈው ከፍ ባለው በኩል ነው፤ አጠር ካላለች ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ቀኝ ይገለበጣል። ግሌንዳ አሥራ ሰባት ዓመት መቆሚያ ስታሳጥር ኖረች። እዚህ የሚቆመው በግራ ዳር፣ ዝቅ ባለው በኩል ነው። አጭር እግር፣ በዝቅታ ላይ! የጋራዧ ወለል ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ በየት በኩል ይታያት? መብራቱን አዛውራ፣ መስተዋቱን አዛውራ፣ ምድሪቱን ረሳች።

ኔቪል አረንጓዴው ታንክ ላይ የገባውን ጉድጓድ እያየ ቆሟል። አንገቱ ሥር ደም ሥሩ ተገትሯል።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች ግሌንዳ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "መቆሚያዋን በስፔን ልክ ቆርጫታለሁ። ዶሪን በትክክል ነው ያቆመችው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም።"

"ስፔን!" አለ ኔቪል። "ስፔን! አላልኩም? አላልኳችሁም? በገዛ አገሩ መቆም ያቃተው ሞተር! አበቃ፤ ወደቀ ማለት አበቃ ነው። ውርርዱ ውርርድ ነው፤ ሞተሩ ቫኑ ላይ ይጫናል። ኑ፣ አንሡልኝ እስቲ።"

ሦስት ሰዎች መጡ። ግሌንዳ መንገድ ለቀቀችላቸው። ለራሷ ምንም አልመሰላትም፤ ዕቃ ጭኖ መሄድ ታውቅበታለች። የዶሪን ነገር ግን አንጀቷን በላው። በአጭር ብረት፣ በራሷ ትዕቢት፣ የሴትዮዋን ሞተር ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

"እጃችሁን!"

ዶሪን ናት። ዳቦዋን ለአንዱ አስያዘችና መጣች።

"ማንም እንዳይነካው። ያበቃው ምንድን ነው፣ ኔቪል? መመለሱ መቼ ቀረ?"

"ዶሪን፣ የኔ እህት፣ ትጎጃለሽ። ተይው፣ እኛ እናነሣዋለን።"

"አንተ ያንተን አንሣ።"

ጀርባዋን ለሞተሩ ሰጠች። ቁጢጥ አለች፤ አንድ እጇን መሪው ላይ፣ ሌላውን ኮርቻው ሥር አስገባች። የትምህርት ቤቱን ትልቅ ድስት ከእሳት እንደምታወርድ እግሯን ከፈት አድርጋ ተከለችና በጭኗ ወደ ኋላ ገፋች። ሞተሩ ተንገራገጨ። ፊቷ ቀላ፤ አንድ ጊዜ ተንሸራተተባት፤ ግሌንዳ ልትሄድ ብላ ራሷን ያዘች። ዶሪን እንደገና ገፋች። ፕሪሙ ሞተር ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ተነሣና ቀጥ አለ። ሰፈሩ በጩኸት ተናጋ፤ የማያውቋት ሞተረኞች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ኔቪል አላጨበጨበም። ሞተሩ ሚጢጢ እንደተወው ቢሆን ኖሮ በዚያ ክብደቱና ቁመቱ ዶሪን ከወደቀበት እንደማታነሣው ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አረንጓዴ ሞተሩን አነሣና ታንኩ ላይ ያለውን ጉድጓድ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ከዚያ ወደ ግሌንዳ ዞረ።

"ይኼን ታወጪዋለሽ?"

"እንዳልነበረ አደርገዋለሁ።"

"ሰኞ አመጣዋለሁ።" ወደ ፕሪሙ ሞተር አመለከተና "መቆሚያዋንም በሰው አገር ሳይሆን በአገርሽ ልክ ቁረጪላት" አላት።

"እሺ፣ አለቃ" አለችው ግሌንዳ፤ ይህን ቃል ከአፏ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

ዶሪን ኮርቻዋ ላይ ወጥታ ነበር። ቁልፉን አዞረች፣ ኤንጂኑን አስነሣች። ከባድ፣ ዘገም ያለ፣ ትንሽ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ነው። ኔቪል ዞር አለና በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። ወንድሙ ቆሞ የሚያወራ ነው የመሰለው።

"እሺ" አለ። "ፊት ፊት እመራለሁ፣ አንቺ እንደ መጣሽው ከኔ ቀጥሎ..."

"አይሆንም" አለች ዶሪን።

"ምኑ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ከሮድኒ ኋላ ተቀምጬ እዚህ ሆውስ መጥቻለሁ። መንገዱን ዛሬ ገና አየሁት። ያኔ የማየው ጀርባውን ነበር፤ ጀርባውን ደግሞ እወደው ነበር፣ ቅር አላለኝም። ያንተን ጀርባ ግን ኔቪል፣ ጠዋት ሙሉ አየሁት። በቃኝ። ስንመለስ የምመራው እኔ ነኝ።"

የፋብሪካ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ከአለቃው ፊት የወጣ ሰው የለም፤ ሚጢጢ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ሁሉም የኔቪልን አፍ ይጠብቃል። ኔቪል ራስ ቁሩን አጠለቀ፣ አረንጓዴ ሞተሩ ላይ ወጣ፣ በሁለት እግሩ እየገፋ ወደ ኋላ አፈገፈገና መንገዱን ለቀቀላት።